ቀለምን በሦስት ቁጥር የጻፈው ጄምስ ክለርክ ማክስዌል

በሊኑክስ ሥርዓት የሚሠራ ባለሙያ የተርሚናሉን መስኮት ከፍቶ የማስተካከያ ፋይሉን በሚያዘጋጅበት ጊዜ፣ ለጽሑፉም ሆነ ለመደቡ የሚመርጠውን ቀለም በሦስት ቁጥሮች ይጽፋል። የመጀመሪያው ቁጥር የቀዩን፣ ሁለተኛው የአረንጓዴውን፣ ሦስተኛው የሰማያዊውን መጠን ያመለክታል። ቁጥሮቹ ለምን ሦስት ሆኑ? ለምንስ ሁለት ወይም አምስት አልሆኑም? ይህን ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ ልማዱ ከመሣሪያው አሠራር የመጣ እየመሰለ ይታለፋል። የነገሩ ሥር ግን በመሣሪያው ሳይሆን በሰው ዓይን ውስጥ ይገኛል። ይህንንም በጥንቃቄ ለክቶ በቀመር ያስቀመጠው፣ የኤሌክትሪክንና የመግነጢስን ሕግጋት በማዋሐዱ ስሙ የገነነው ስኮትላንዳዊው ሊቅ ጄምስ ክለርክ ማክስዌል ነው። ስለ ኤሌክትሮመግነጢስ ሥራው ብዙ ተጽፏል። ስለ ቀለም የደከመው ድካም ግን እንደ ወጣትነት ጨዋታ እየተቆጠረ በሕይወት ታሪኩ ዳር ላይ በጥቂት መስመር ሲታለፍ ይታያል። ሃያ ዓመት ያህል ያልተወው ሥራ በዚህ መንገድ መታለፉ ተገቢ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማክስዌል ጁን 13 ቀን 1831 በኤዲንበርግ ከተማ፣ በኢንዲያ ጎዳና፣ በቤት ቁጥር 14 ተወለደ። አባቱ ጆን ክለርክ ማክስዌል በሕግ ሙያ የሠለጠነ ባለርስት ሲሆን፣ ልቡ ግን ከፍርድ ቤት ክርክር ይልቅ ወደ መሣሪያና ወደ እጅ ጥበብ ያደላ ነበር። ቤተ ሰቡ በደቡብ ምዕራብ ስኮትላንድ ግሌንሌር በተባለው ርስት ስለ ተቀመጠ፣ ልጁ ያደገው በወንዝና በመስክ መካከል ነው። የመጀመሪያ መምህሩ እናቱ ፍራንሲስ ነበረች። ማናቸውም ነገር እንዴት እንደሚሠራ ሳይነገረው የማያርፍ፣ በተሰጠውም መልስ በቀላሉ የማይረካ ልጅ እንደ ነበር የሕይወት ታሪኩን የጻፉት ወዳጆቹ ይመሰክራሉ። አንዱ ድንጋይ ቀይ፣ ሌላው ሰማያዊ መሆኑን ቢነግሩት፣ ሰማያዊ መሆኑ በምን እንደሚታወቅ ጠይቆ ሰዎቹን መልስ አሳጥቷቸዋል ይባላል። ጥያቄው የልጅ ቢመስልም ሰውየው ዕድሜውን ሁሉ አልተወውም።

እናቱ በ1839 በሆድ ነቀርሳ ሕመም ስትሞት የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ በኋላ የተቀጠረለት አስተማሪ በትር የሚያበዛ ስለ ነበረ፣ አባቱ በ1841 ወደ ኤዲንበርግ አካዳሚ ላከው። ልጁ ለትምህርት ቤቱ የቀረበው አባቱ ራሱ ባወጣው ስፌት የተሠራ ልብስና ጫማ አድርጎ፣ በገጠር አነጋገሩ ነበር። የከተማ ልጆች በመጀመሪያው ቀን ልብሱን ቀዳደዱበት፤ የቂል ስምም አወጡለት። ይህ ቅጽል ለብዙ ጊዜ ተከተለው። ነገር ግን ገና የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለ ሞላላ ቅርጾችን በክርና በመርፌ የመሣል ዘዴ ቀይሶ ጻፈ፤ ጽሑፉም በ1846 በኤዲንበርግ ሮያል ሶሳይቲ ጉባኤ ፊት ተነበበ። ደራሲው በጉባኤው ፊት ለመቆም ዕድሜው ስላልደረሰ፣ ያነበበለት የፍልስፍና ተፈጥሮ ፕሮፌሰር የሆነው ጄምስ ፎርብስ ነው። ማክስዌል በ1847 ወደ ኤዲንበርግ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ይኸው ፎርብስ የቤተ ሙከራውን በር ከፍቶ የፈለገውን መሣሪያ እንዲነካ ፈቀደለት። የቀለም ሥራውም ከዚህ ቤተ ሙከራ ይጀምራል።

በዚያን ጊዜ የቀለም ነገር በሁለት ወገን የተያዘ ነበር። በአንድ በኩል ኒውተን የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ ቀለማቱን በክብ ላይ ካሰፈራቸው መቶ ዓመት አልፎ ነበር፤ ቶማስ ያንግም በመቶው ዓመት መባቻ ላይ፣ ዓይን ሦስት ዓይነት ብርሃን ተቀባዮች ይኖሩት ይሆናል የሚል ግምት አቅርቦ ነበር። ነገር ግን ያንግ ግምቱን በልኬት አላጸናውም። በሌላ በኩል ሠዓሊዎችና ጨርቅ ነካሪዎች ከጥንት ጀምሮ የያዙት ሕግ አለ፤ ይኸውም መሠረተኞቹ ቀለማት ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ናቸው፤ ቢጫና ሰማያዊ ሲዋሐዱም አረንጓዴ ይሆናሉ የሚል ነው። ቀለም በጥብጦ የሚያውቅ ሁሉ ይህን በእጁ ስላረጋገጠ፣ የሚጠራጠር አልነበረም።

ፎርብስ በ1849 የቀለም ወረቀቶችን በሚሽከረከር ክብ ላይ እየለጠፈ በፍጥነት ሲያዞር፣ ቢጫና ሰማያዊ ተዋሕደው አረንጓዴ ይሆናሉ ብሎ የጠበቀው ሳይሆን ቀረ። የታየው ወደ ሮዝ የሚያደላ ደብዛዛ ቀለም ነበር። ወጣቱ ማክስዌል ሙከራውን አብሮት ይሠራ ስለ ነበረ ነገሩን በዓይኑ አየ። ምክንያቱን ለመረዳት ሁለቱን አሠራር መለየት ያስፈልጋል። ቀለም ሲበጠበጥ ሰማያዊው ቀዩንና ቢጫውን ብርሃን ይውጣል፤ ቢጫው ደግሞ ሰማያዊውን ይውጣል፤ ሁለቱም ሳይውጡት የሚተርፈው አረንጓዴ ብቻ ስለሆነ አረንጓዴ ይታያል። ይህ መቀነስ ነው። በሽክርክሪት ላይ ግን ከሁለቱም ወረቀቶች የሚመጣው ብርሃን እየተፈራረቀ ወደ ዓይን ስለሚገባ፣ ዓይን ሁለቱን ይደምራቸዋል። ጀርመናዊው ሄልምሆልትዝም በ1852 ይህንኑ ልዩነት በራሱ መንገድ አስረድቷል። እንግዲህ የሠዓሊው ሕግ ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን የሚናገረው ስለ ቀለም ዱቄት እንጂ ስለ ዓይን አልነበረም።

ማክስዌል በ1850 ወደ ካምብሪጅ ሄዶ በ1854 በሒሳብ ፈተና ሁለተኛ ሆኖ ወጣ። ከፈተናው ጭንቀት እንደተላቀቀ ወዲያውኑ ወደ ሽክርክሪቱ ተመለሰ፤ አሁን ግን ለማየት ብቻ ሳይሆን ለመለካት ነበር። የሠራው መሣሪያ በጣም ቀላል ነው። ከመሃል እስከ ጠርዝ የተሰነጠቁ ክብ ወረቀቶችን አንዱን በሌላው ውስጥ አስገብቶ፣ ከእያንዳንዱ ቀለም የሚታየውን ክፍል እንደ ፈለገ ያሰፋዋል ወይም ያጠብበዋል። በውጪው ሰፊ ክብ ላይ ቨርሚሊዮን የተባለው ደማቅ ቀይ፣ መረግድ የሚመስለው አረንጓዴና አልትራማሪን የተባለው ጥልቅ ሰማያዊ ይቀመጣሉ። በመሃሉ ባለው አነስተኛ ክብ ላይ ደግሞ ነጭና ጥቁር ይቀመጣሉ። ጠርዙ በመቶ እኩል ክፍሎች የተመደበ ነው። ሽክርክሪቱ ሲዞር የውጪው ክብ አንድ ቀለም፣ የውስጡም አንድ ቀለም ሆነው ይታያሉ፤ ተመልካቹ ሁለቱ ፈጽመው እስኪመሳሰሉ ድረስ ወረቀቶቹን እያስተካከለ ይደጋግማል። ሲመሳሰሉ ቁጥሮቹ ይጻፋሉ።

በ1855 በኤዲንበርግ ሮያል ሶሳይቲ ካቀረባቸው ውጤቶች አንዱ እንዲህ ነው፤ 37 መቶኛ ቀይ፣ 27 መቶኛ ሰማያዊና 36 መቶኛ አረንጓዴ ሲደመሩ፣ ከ28 መቶኛ ነጭና ከ72 መቶኛ ጥቁር ጋር እኩል ይሆናሉ። ሦስቱ ቀለማት ተደምረው ግራጫ ሰጡ ማለት ነው። ይህን እኩልታ ያነበበ ሰው ምናልባት ትንሽ ነገር ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ቀለም የሚነገረው ሁሉ በስምና በምሳሌ ነበር፤ የሳር ቀለም፣ የሰማይ ቀለም፣ የደም ቀለም ይባል ነበር። በእኛም ቋንቋ ሰማያዊ የሚለው ቃል ከሰማይ የተወሰደ ነው። ከእኩልታው በኋላ ግን ቀለም መጠን ሆነ፤ በአንድ ከተማ የተለካ ቀለም በደብዳቤ ተጽፎ በሌላ ከተማ እንደገና ሊሠራ ቻለ። ሦስቱ ወረቀቶች አንድን ቀለም ማስገኘት ሲያቅታቸው ማክስዌል አንዱን ከዚያ ወገን አንሥቶ ወደ ሌላው ወገን ያሻግረው ነበር፤ በሒሳቡም ያ ቀለም የመቀነስ ምልክት ያለው ቁጥር ይሆናል። ይህ የሒሳብ ብልሃት ብቻ አይደለም። የትኞቹም ሦስት ቀለማት ቢመረጡ በመደመር ብቻ የማይደረስባቸው ቀለማት እንደሚቀሩ ያሳያል፤ በየጠረጴዛችን ያለው መስታወት ዛሬም ሊያሳያቸው የማይችላቸው ቀለማት መኖራቸው ከዚሁ የመጣ ነው።

በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ከሁሉ የሚልቀው ክፍል ግን ስለ ጤናማ ዓይን የሚናገረው አይደለም። ማክስዌል ቀይንና አረንጓዴን ለመለየት የሚቸገሩ ሰዎችን እየፈለገ በሽክርክሪቱ ፊት አስቀመጠ። እንደ ሌላው ተመልካች አምስት ወረቀቶች አላስፈለጓቸውም፤ በአራት ወረቀት ብቻ እኩልታቸውን ፈጸሙ። ከሦስቱ መሠረተኛ ስሜቶች አንዱ ጎድሎባቸዋልና ሁለት ቀለማት ይበቋቸዋል። ባንዱ ሰው ዓይን ፍጹም የተለያዩ ሁለት ቀለማት በሌላው ሰው ዓይን እኩል መሆናቸው በዚህ መንገድ በቁጥር ታወቀ። የያንግ ግምትም ከግማሽ ምእት ዓመት በኋላ ማስረጃ አገኘ።

በ1856 አባቱ ሞተ። ማክስዌል በዚያው ዓመት በአበርዲን የማሪሻል ኮሌጅ ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1858ም የኮሌጁን ርእሰ መምህር ልጅ ካተሪን ሜሪ ዲዋርን አገባ። ካተሪን በዕድሜ በሰባት ዓመት ትበልጠው ነበር፤ ልጅም አልወለዱም። ስለ እርሷ የተጻፈው ጥቂት ነው፤ ከተጻፈውም ውስጥ አንዳንዱ ቸርነት የጎደለው ነው። ነገር ግን በቀለም ሥራው ውስጥ ስሟ ሳይጠፋ ይኖራል። ማክስዌል በ1860 ባቀረበው ትልቅ ጽሑፍ የሁለት ተመልካቾች ልኬት ጎን ለጎን ተዘርዝሯል፤ አንደኛው በስሙ የመጀመሪያ ፊደል የተጠቀሰው ራሱ ሲሆን፣ ሁለተኛዋ በስሟ የመጀመሪያ ፊደል የተጠቀሰችው ካተሪን ናት። በዚህ ጊዜ የወረቀት ሽክርክሪት ቀርቶ የብርሃን ሣጥን ተተክቷል። ሣጥኑ በአንድ ጫፉ ሦስት ጠባብ ስንጥቆች አሉት፤ በእነዚህ የሚገባው ብርሃን በፕሪዝሞች አልፎ በተመልካቹ ፊት ይዋሐድና ከጎኑ ካለው ነጭ ብርሃን ጋር ይነጻጸራል። የእያንዳንዱ ቀለም መጠን የሚታወቀው በስንጥቁ ስፋት ነው። ወረቀት ሲያረጅ ይደበዝዛል፤ የፀሐይ ብርሃን ቀለማት ግን በሞገድ ርዝመታቸው የታወቁ ናቸው። ማክስዌል የመረጣቸው ሦስቱ 630፣ 528 እና 457 ናኖሜትር ገደማ ናቸው።

የባልና የሚስት ቁጥሮች አልገጠሙም። ልዩነቱ በይበልጥ የታየው ወደ ሰማያዊና ወደ አረንጓዴ በሚያደላው ክፍል ነበር። ሌላ ተመራማሪ ቢሆን ምናልባት አንዱን ልኬት ስሕተት ብሎ በጣለው ነበር። ማክስዌል ግን ሁለቱንም አትሞ፣ የልዩነቱ ምክንያት በዓይን መሃል ያለው ቢጫ ነጥብ በሰዎች መካከል የተለያየ መጠን ስላለው መሆኑን ገለጸ። ስለዚህ ሥራ የለንደን ሮያል ሶሳይቲ በ1860 የራምፈርድን ሜዳልያ ሸለመው።

ሽልማቱ የመጣው በክፉ ዓመት ነው። በዚያው ዓመት በአበርዲን የነበሩት ሁለት ኮሌጆች ተዋሕደው አንድ ዩኒቨርሲቲ ሲሆኑ፣ ለአንድ ትምህርት ሁለት ፕሮፌሰር አያስፈልግም ተብሎ የተሰናበተው ማክስዌል ነበር። በኤዲንበርግ የተከፈተውንም ቦታ አመልክቶ አላገኘም። በፈንጣጣ ታሞ እስከ ሞት ደርሶ ነበር፤ ካተሪን አስታማ አዳነችው። ከዚህ ሁሉ በኋላ በለንደን በኪንግስ ኮሌጅ ተቀጠረ። በኬንሲንግተን በተከራየው ቤት የላይኛ ክፍል ውስጥ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል የሚረዝም ሌላ የብርሃን ሣጥን አቆመ። ጎረቤቶቹ በመስኮት ሲያዩት፣ ሰውየውና ሚስቱ ቀኑን ሙሉ የሬሳ ሣጥን ውስጥ ሲመለከቱ የሚውሉ ዕብዶች መስለዋቸው ነበር ይባላል።

ሜይ 17 ቀን 1861 በለንደን ሮያል ኢንስቲትዩሽን ያደረገው ንግግር የዚህ ዘመን ሁሉ መታሰቢያ ሆኗል። የፎቶግራፍ ባለሙያው ቶማስ ሰተን ለዚህ ንግግር አንድ ኅብረ ቀለም ያለው የስኮትላንድ ሪባን ሦስት ጊዜ አነሣለት፤ አንድ ጊዜ በቀይ፣ አንድ ጊዜ በአረንጓዴ፣ አንድ ጊዜ በሰማያዊ ፈሳሽ ውስጥ ባለፈ ብርሃን። የተገኙት ሥዕሎች ሦስቱም ጥቁርና ነጭ ናቸው። እያንዳንዱ ሥዕል በተነሣበት ቀለም ብርሃን በግድግዳ ላይ ተጥሎ ሦስቱ ሲደራረቡ ሪባኑ ከነቀለሙ ታየ። ያልተደነቀ አልነበረም። ነገር ግን ሙከራው መሳካት ያልነበረበት ሙከራ ነው። በዚያ ዘመን የነበረው የፎቶግራፍ ሰሌዳ ቀይ ብርሃን ጨርሶ አይሰማውም ነበርና። ምስጢሩ የተፈታው ልክ ከመቶ ዓመት በኋላ በ1961 ሲሆን፣ የኮዳክ ተመራማሪዎች ሙከራውን ደግመው፣ የሪባኑ ቀይ ክፍል ለዓይን የማይታየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ያንጸባርቅ እንደ ነበርና ቀዩ ፈሳሽም ያንን አሳልፎ ሰሌዳው ላይ እንዳሳረፈ አረጋገጡ። ማክስዌል ስለ ዓይን የተናገረው እውነት ነበር፤ ማስረጃ አድርጎ ያሳየው ግን በዕድል የቆመ ነው። በሳይንስ ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር የሚታሰበውን ያህል ብርቅ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለው በሰፊው የታወቀ ስለሆነ በአጭሩ ማለፍ ይበቃል። ማክስዌል ከ1861 እስከ 1865 ባለው ጊዜ ብርሃን የኤሌክትሪክና የመግነጢስ ሞገድ መሆኑን በሒሳብ አሳየ፤ በ1865 ማስተማሩን ትቶ ወደ ግሌንሌር ተመለሰ፤ በ1873 ትልቁን መጽሐፉን አሳተመ። በ1871 ወደ ካምብሪጅ ተጠርቶ፣ በ1874 ሥራውን የጀመረውን የካቨንዲሽ ቤተ ሙከራ አቋቋመ። እናቱን የገደለው ሕመም እርሱንም ያዘውና ኖቬምበር 5 ቀን 1879 በ48 ዓመቱ ሞተ፤ እናቱም የሞተችው በዚህ ዕድሜ ገደማ ነበር። በግሌንሌር አጠገብ በፓርተን ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ካተሪንም በ1886 ከጎኑ ዐረፈች።

የሁለቱ የልኬት ሰንጠረዥ ግን በመቃብር አልቀረም። በ1931 ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን በካምብሪጅ ተሰብስቦ የአማካይ ሰውን የቀለም እይታ በቁጥር ሲደነግግ፣ መሠረቱ ራይትና ጊልድ የተባሉ እንግሊዛውያን በተናጠል ያደረጉት ልኬት ነበር። የተመልካቾቹ ብዛት ራይት ዘንድ 10፣ ጊልድ ዘንድ 7 ሲሆን፣ የሙከራቸው ዘዴ የማክስዌል ሣጥን ልጅ ነው። የቀለም ቴሌቪዥንም ሆነ የኮምፒዩተር መስታወት በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ነጥቦች የተሠራው በዚህ ሒሳብ ነው። ዛሬ አብዛኛው መስታወት የሚከተለውን የሦስቱን ቀለማት መለኪያ ሂውሌት ፓካርድና ማይክሮሶፍት በ1996 አቅርበውት በ1999 ዓለም አቀፍ ደንብ ሆኗል።

ወደ ተርሚናሉ ሲመጣ የማክስዌል እኩልታ በግልጽ ይታያል። የተርሚናሎች ደንብ ለጽሑፍ ቀለም ከ30 እስከ 37 ያሉትን ስምንት ቁጥሮች ሰጠ። በ30 ላይ 1 ሲጨመር ቀይ፣ 2 ሲጨመር አረንጓዴ፣ 4 ሲጨመር ሰማያዊ ይሆናል። ቢጫ 33 የሆነው ቀይና አረንጓዴ ስለሚደመሩ ነው፤ 1 እና 2 ሦስት ናቸውና። ሦስቱም ሲደመሩ 37፣ ማለትም ነጭ ይሆናል፤ አንዱም ሳይኖር 30፣ ማለትም ጥቁር ነው። የጥንቱን የተርሚናል መሣሪያ በመስኮት ውስጥ አስመስሎ የሚሠራው ፕሮግራም በኋላ 256 ቀለማት ሲሰጠው፣ 216ቱ የተገኙት ለእያንዳንዱ መሠረተኛ ቀለም ስድስት ደረጃ በመስጠት፣ ስድስትን ሦስት ጊዜ በራሱ በማባዛት ነው። የቀዩን ደረጃ በ36፣ የአረንጓዴውን በ6 አባዝቶ ሰማያዊውንና 16ን የደመረ ሰው የቀለሙን ቁጥር ያገኛል። ቀይ 5፣ አረንጓዴ 3፣ ሰማያዊ 0 ቢሆኑ ውጤቱ 214፣ ማለትም ብርቱካንማ ነው። ዛሬ ደግሞ ሦስቱ ቀለማት ከ0 እስከ 255 በቀጥታ ስለሚጻፉ 16,777,216 ቀለማት ይገኛሉ።

በሥራ ላይ የሚያስቸግረው ፕሮግራሙ ተርሚናሉ ከእነዚህ መንገዶች የትኛውን እንደሚያውቅ ማወቁ ነው። ፕሮግራሙ ራሱ መስታወቱን አያይም። ቴርም ከሚባለው የአካባቢ ተለዋዋጭ ስሙን ያነብና ቴርምኢንፎ በሚባለው መዝገብ ውስጥ የቀለማቱን ብዛት ይፈልጋል። ስሙ ኤክስተርም ብቻ ከሆነ 8፣ ኤክስተርም 256 ከለር ከሆነ 256 ቀለማት እንዳሉት ይቆጥራል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ከለርተርም የሚባለው ሌላ ተለዋዋጭ ይነግረዋል። ባለሙያው በሴኪዩር ሼል ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ሲገባ የመጀመሪያው ስም አብሮት ይሻገራል፤ ሁለተኛው ግን ብዙውን ጊዜ ይቀራል። በቤቱ ደምቆ ይታይ የነበረው ጽሑፍ እዚያ የሚደበዝዘው ከዚህ የተነሣ ነው። መፍትሔው በማስተካከያ ፋይሉ ውስጥ ከተርሚናሉ ጋር የማይገጥም ስም በግድ መጻፍ አይደለም፤ ብዙዎች ግን እንዲያ ያደርጋሉ። ቲፑት በሚባለው ትእዛዝ መዝገቡ የሚቆጥረውን የቀለም ብዛት ጠይቆ፣ ትክክለኛው መዝገብ በሩቁ ኮምፒዩተር ላይ መኖሩን ማረጋገጥ ይሻላል።

ሌላው ችግር የጥንቱ ችግር ራሱ ነው፤ ስምና መጠን መለየታቸው። 31 የሚለው ትእዛዝ ቀይ የሚል ስም እንጂ ልኬት አይደለም። በሊኑክስ ኮንሶል የተለመደው ቀይ 170፣ 0፣ 0 ሲሆን በኤክስተርም 205፣ 0፣ 0 ነው። 33 ደግሞ በኮንሶሉ ላይ የጥንቱን የአይቢኤም መስታወት ልማድ ተከትሎ አረንጓዴው በግማሽ ስለተቀነሰ 170፣ 85፣ 0 ይሆናል፤ ይህም ቢጫ ሳይሆን ቡናማ ነው። በጥቁር መደብ ላይ የተጻፈ ሰማያዊ ጽሑፍ የማይነበበውም በፕሮግራሙ ጥፋት ሳይሆን በዓይን ነው። በመስታወቱ መለኪያ መሠረት ከነጭ ብርሃን ድምቀት አረንጓዴው 72 ከመቶ፣ ቀዩ 21 ከመቶ ያህሉን ሲይዙ፣ ሰማያዊው 7 ከመቶ ብቻ ይይዛል። ስለዚህ የሰማያዊውን ቁጥር እስከ 255 ማድረስ ብዙ አይረዳም፤ አረንጓዴ ጨምሮ ማፍካት ያስፈልጋል።

በመጨረሻም ማክስዌል በአራት ወረቀት እኩልታቸውን የፈጸሙለት ሰዎች አሉ። በአውሮፓውያን ዘር ከ100 ወንዶች 8 ያህሉ ቀይንና አረንጓዴን በደንብ አይለዩም። የተርሚናል ፕሮግራሞች ግን ስሕተትን በቀይ፣ የተሳካውን በአረንጓዴ፣ ከፋይል የወጣውን መስመር በቀይ፣ የገባውን በአረንጓዴ ማሳየት ልማዳቸው ሆኗል። ለእነዚህ ባልደረቦች የሁለቱ መስመሮች ልዩነት የሚታወቀው ከመስመሩ ፊት በሚቀመጠው የመደመርና የመቀነስ ምልክት ብቻ ነው፤ ፕሮግራም ሠሪው ምልክቱን አላስፈላጊ ነው ብሎ ያነሣው እንደሆነ ምንም አይቀራቸውም። ሠንጠረዡን ማስተካከል አስቸጋሪ አይደለም፤ በተርሚናሉ የማስተካከያ ፋይል ውስጥ 1 ቁጥር የያዘውን ቀይ ወደ ብርቱካንማ፣ 2 ቁጥር የያዘውን አረንጓዴ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ፈዛዛ ቀለም ማድረግ ይቻላል። ቀለሙ ጨርሶ እንዲቀር ለሚፈልግም ከ2017 ጀምሮ ኖ ከለር የሚባል ተለዋዋጭ በስምምነት ተወስኗል፤ ይህ ተለዋዋጭ ባዶ ያልሆነ ማናቸውንም ዋጋ ከያዘ፣ ስምምነቱን የተቀበሉት ፕሮግራሞች በራሳቸው ፈቃድ ቀለም አይጨምሩም።